ከመንጻት ወደ መዳን



ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማችን ዛሬ የምትጠራበት ስም ጸሎት ነው። «ሆሳዕና» ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜውም «እባክህ አድን» ማለት ነው። ቃሉ በመዝሙረ ዳዊት 118፥25 የሚገኝ ልመና ነበር፤ ጌታችን በአህያ ውርንጫ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜም ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ይህንኑ ቃል በፊቱ ጮኸ። እንግዲህ ከዱራሜ፣ ከዶዮገና፣ ከጃጁራ ወይም ከሾኔ ተነሥቶ ለገበያ ወይም ለሕክምና የሚመጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅና የከተማይቱን ስም ቢጠራ፣ ሳያስበው ወደ እግዚአብሔር የልመና ቃል አሰምቷል ማለት ነው።

ነገር ግን «አድነን» ብለን ስንለምን የምንለምነው ምንድር ነው? በአማርኛችን «ዳነ» የሚለው ግስ ሁለት ነገር ይሸከማል። ከወባ ተነሥቶ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ዳነ ይባላል፤ ከኃጢአቱ ተመልሶ በጸጋ የቆመ ሰውም ዳነ ይባላል። አንድ ቃል ሁለቱንም መያዙ ተገቢ ነው። ሰው አንድ ነውና፤ ሥጋው ለሐኪም ነፍሱ ለካህን ተከፍላ የተሰጠች ርስት አይደለችም። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥23 ስለ ምእመናኑ ሲጸልይ መንፈሳቸውም ነፍሳቸውም ሥጋቸውም ሳይጎድል እንዲጠበቅ ለምኗል። ሆኖም የቃሉ አንድነት አንዳንድ ጊዜ ያዘናጋናል። የሥጋ ጤንነት ወይም የኑሮ መሻሻል ባገኘን ጊዜ ፍጹም የዳንን ይመስለናል፤ እነዚህን ባጣን ጊዜ ደግሞ እግዚአብሔር የተወን ይመስለናል። ሁለቱም ግምት ስሕተት መሆኑን የአሥሩ ለምጻሞች ታሪክ ያስተምረናል።

1. አንድ ብቻ ተመለሰ

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 17 ከቁጥር 11 እስከ 19 እንደጻፈው፣ ጌታችን በሰማርያና በገሊላ መካከል ሲያልፍ ለምጽ የያዛቸው አሥር ሰዎች በሩቅ ቆመው ምሕረት ለመኑት። በሩቅ የቆሙት ፈቅደው አልነበረም። በሙሴ ሕግ መሠረት ለምጻም ከሰፈር ውጭ ይኖር ነበር፤ ከማዕድም፣ ከጸሎትም፣ ከቤተሰብም ተለይቶ። ስለዚህ ሕመማቸው ሁለት ነበር፤ አንዱ በቆዳቸው ላይ የሚታየው ቁስል፣ ሁለተኛው ከሰውና ከእግዚአብሔር ቤት መለየታቸው።

ጌታም ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው። ታዝዘው ሄዱ፤ በመንገድም ሳሉ ነጹ። ዘጠኙን ለመውቀስ አንቸኩል። የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ በጌታ ቃል አምነው ጉዞ ጀምረዋል፤ የለመኑትንም አግኝተዋል። ነገር ግን ጉዳያቸው ከተፈጸመ በኋላ ወደ ሰጪው አልተመለሱም። አንዱ ብቻ፣ እርሱም እንደ ባዕድ የሚቆጠረው ሳምራዊ፣ በታላቅ ድምፅ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ተመለሰና በጌታ እግር ሥር ተደፋ።

የወንጌላዊውን ቃላት በጥንቃቄ እንመልከት። ስለ አሥሩም የተነገረው «ነጹ» የሚል ነው። «እምነትህ አድኖሃል» የሚለው ፍርድ ግን ለተመለሰው ብቻ ተሰጠ። አሥር ሰዎች ነጹ፤ መዳኑ የተነገረለት ግን አንድ ነው። በመንጻትና በመዳን መካከል ያለው ርቀት ያ ሰው ተመልሶ የሄደበት መንገድ ነው። በሩቅ ቆሞ የነበረው አሁን በእግሩ ሥር ሆነ፤ ስጦታውን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም አገኘ። መንፈሳዊ ሙሉነት የምንለውም ይህ ነው፤ ከራቅንበት ተመልሰን ከእግዚአብሔርና ከወንድሞቻችን ጋር በአንድ ማዕድ መገኘት።

2. የሞላ ቤት፣ የጎደለ ቤት

ይህን ትምህርት በሀገራችን ኑሮ መዝነን እንየው። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ወጣቶቻችን እጅግ ብዙ ናቸው። በሞያሌ አልፈው ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዛምቢያን አቋርጠው ይሄዳሉ። ይህን መንገድ እግዚአብሔር በትንቢት የከፈተው ነው ብለው የተቀበሉም ነበሩ። ደርሰው በላባቸው ካገኙት በላኩት ገንዘብ የሣር ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳ በብሎኬት ተተክቷል፤ ታናናሾች ተምረዋል፤ ሕሙማን ታክመዋል። ለወላጅ መድከም በአራተኛው ትእዛዝ የታዘዘ መልካም ሥራ ስለሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ዋጋውንም እናውቃለን። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ የ27 ሰዎች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ከደረሱትም መካከል በ2008 እና በ2015 እ.ኤ.አ. በውጭ ተወላጆች ላይ በተነሣው ሁከት ሱቃቸው የተዘረፈባቸው አሉ። በመንደሮቻችን አስከሬን ሳይመጣ በፎቶግራፍ ፊት የሚለቀስ ለቅሶ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

በሰላም ደርሰው ባለጸጋ በሆኑት ቤትም ቢሆን ሁሉ ነገር አልሞላም። ሳሎኑ ሰፍቶ፣ ወለሉ በሴራሚክ ተነጥፎ፣ በውስጡ የምትኖረው አንዲት አሮጊት እናት ብቻ የሆነችበት ቤት አለ። አባታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አሉ። በተላከ ገንዘብ በተገዛ መሬት ምክንያት ተጣልተው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየጸለዩ ሰላምታ የማይለዋወጡ ወንድማማቾች አሉ። የለመኑትን አግኝተዋል፤ በልማዳችን አነጋገር እግዚአብሔር ቤታቸውን ጎብኝቷል። ሆኖም ቤቱ የሞላው በዕቃ ነው፤ ሰውና ፍቅር የነበረበት ስፍራ ገና ባዶ ነው።

ይህን ስንል ድህነትን ለማመስገን አይደለም። መሬት የጠበበበት፣ ሥራ ያጣ ወጣት ስለ እንጀራው መጨነቁ የተገባ ነው፤ ጌታችንም የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን አስተምሮናል። የምንለው ይህን ነው፦ እንጀራውን ስናገኝ መንገዳችን ገና አላለቀም፤ ወደ ሰጪው መመለስ ቀርቶናል።

አባቶቻችንም ይህን በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ሲደርስ በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የተጣላም በሽማግሌ ይታረቃል። ሰንጋው ምንም ያህል ቢሰባ፣ ቂቤው ምንም ያህል ቢትረፈረፍ፣ በቤቱ ቂም ካለ በዓሉ ሙሉ አይሆንም። ክርስቶስ የሚሰጠው ሙሉነት ከዚህ የሚበልጥ ቢሆንም የሚመስለው ግን ይህን ነው፤ በአባት ቤት የተሰበሰበና የታረቀ ቤተሰብን።

3. የተፈወሰ ሰው ራሱን ያሳይ

በዘመናችን የፈውስ ነገር በየስፍራው ይነገራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር ዛሬም እንደሚፈውስ ታምናለች፤ ስለ ሕሙማንም ሳታቋርጥ ትጸልያለች። ነገር ግን አንዳንድ ቦታ «ተፈውሰሃል» የተባለ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን እንዲጥል፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛም የ6 ወር ሕክምናውን ሳይፈጽም እንዲያቋርጥ ይመከራል። የማያምን ብቻ መድኃኒት ይውጣል የሚል አነጋገርም ይሰማል። ከዚህ የተነሣ ወጣት እናቶችና አባቶች ያለጊዜያቸው ሞተዋል፤ ሕመሙም ወደ ሌሎች ተላልፏል።

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታችን አሥሩን ለምን ወደ ካህናት ላካቸው? በኦሪት ዘሌዋውያን 14 እንደተጻፈ፣ የለምጽን መንጻት መርምሮ የሚመሰክር ካህን ስለነበረ ነው። የፈወሰው ራሱ የእግዚአብሔር ልጅ ሆኖ ሳለ ሥራው እንዲመረመር ፈቀደ፤ እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራምና። ስለዚህ በጸሎት እንደተፈወሰ የሚያምን ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን፤ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ሐኪሙ እስኪያዘው ድረስ መድኃኒቱን አይተው። ይህ እምነት ማጉደል አይደለም፤ ለጌታ ቃል መታዘዝ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነም ያስረዳል። ሕመምተኛው እንዲጸልይም፣ ከኃጢአት እንዲርቅም፣ ለሐኪም ቦታ እንዲሰጥም በአንድነት ይመክረዋል።

የሚስዮናውያን አባቶቻችን አካሄድም እንዲሁ ነበር። በ1846 እ.ኤ.አ. ለኦሮሞ ምድር ጳጳስ ሆነው የተሾሙት ካፑቺናዊው አቡነ ማስያስ፣ ከስብከታቸው ጋር የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ስለነበር ሕዝቡ «የፈንጣጣ አባት» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ወደ ሀገራችን የመጡት ካፑቺን አባቶችና ደናግልም በየሚስዮኑ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሠርተዋል። ሰው ሙሉ ሆኖ እንዲድን የሚፈልግ እንዲህ ያደርጋል።

4. ቁስሉ ላልጠፋለት

ጸልዮ፣ ታክሞ፣ ጾሞም ያልተፈወሰው ሰውስ? ልጁን በበረሃ ያጣ አባትስ? ለእነዚህ ሙሉነት የተከለከለ ነውን?

ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው እሾህ እንዲወገድለት 3 ጊዜ ጌታን እንደለመነ በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ይናገራል። እሾሁ አልተነቀለም፤ በዚያ ፈንታ ጸጋ ተሰጠው፤ የክርስቶስም ኃይል በድካሙ ውስጥ አደረ። ከዚህ የሚበልጠው ምሥጢር ግን በዮሐንስ 20 ያለው ነው። ከሙታን የተነሣው ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው። ሞት ዳግመኛ በማይገዛው፣ ጉድለት በሌለበት በዚያ የክብር ሥጋ ላይ የችንካሩ ምልክት ነበረ። አብ ልጁን ሲያስነሣው ቁስሉን አላጠፋም፤ አከበረው እንጂ። ቶማስም ጌታው መሆኑን ያወቀው በዚያ ቁስል ነው።

ስለዚህ ልጇን ያጣች እናት ኀዘኗ እንዲረሳ፣ እንባዋ ቶሎ እንዲደርቅ በእምነት ስም አትገደድ። በሞዛምቢክ የቀረው ልጅ ስም በመሠዊያው ፊት ይጠራ፤ መሥዋዕተ ቅዳሴ ይቅረብለት፤ እኛም ከእርሷ ጋር እንቀመጥ። ቁስሏ በክርስቶስ ቁስል ውስጥ ሲቀመጥ ተስፋ የሚገባበት በር ይሆናል። ሙሉ የሆነ ሰው ያልቆሰለ ሰው አይደለም፤ ቁስሉን ወደ ጌታ ይዞ የመጣ ነው።

ከሀገራችን ቅዱሳንም ምሳሌ አለን። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. በጎጃም ተወልደው ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ዓይናቸው አልተመለሰላቸውም። እውነትን ከመፈለግ ግን አላረፉም፤ ከገዳም ወደ ገዳም መጻሕፍትን ፈለጉ፤ በ1841 እ.ኤ.አ. ከአባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ እስክንድርያና ሮም ተጓዙ። በ1851 እ.ኤ.አ. ክህነትን ተቀበሉ፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው እያሉ ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸውን አወጁ። በአንድ ዓይናቸው የፈለጉትን ጌታ ዛሬ ፊት ለፊት ያዩታል።

5. የመመለሻው መንገድ

እንግዲህ እንዴት እንመለስ? ቤተ ክርስቲያን መንገዱን በምስጢራት ከፍታልናለች።

የመጀመሪያው ምስጢረ ንስሐ ነው። የእንሰት ገበሬዎቻችን እንደሚያውቁት፣ እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚተላለፈው በተበከለ ቢላዋ ነው። በሽታው በገባበት ተክል ላይ ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን ተይዟል። የጠወለገውን ቅጠል ብቻ መቁረጥ አያድነውም፤ እንዲያውም በዚያው ቢላዋ ጤነኛው ይነካል። ብልህ ገበሬ የታመመውን ይነቅላል፤ ቢላዋውንም በእሳት ያነጻል። ቂምና ሐሜትም እንዲሁ በምላስ ከቤት ወደ ቤት ይሻገራሉ። በንስሐ የምንቀርበው ቅጠሉን ለማሳመር አይደለም፤ ሥሩን ለማሳየት ነው። ቀን በቤተ ክርስቲያን ማታ በጠንቋይ ደጅ የሚቆም ልብም የሚዋሐደው በዚህ ምስጢር ነው።

ሁለተኛው ቅዱስ ቁርባን ነው። ቅዱስ ሉቃስ የዚያን ሳምራዊ ምስጋና የገለጠበት የግሪክ ቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባንን «ኤውካርስትያ» ብላ የሰየመችበት ሥር ነው። ስለዚህ በእሑድ ወደ ቅዳሴ ስንመጣ የዚያን ሰው እርምጃ እንራመዳለን፤ በሳምንቱ የተቀበልነውን ይዘን ወደ ሰጪው እንመለሳለን። ካህን በየሳምንቱ በማይደርስበት ጸሎት ቤት ያላችሁም ቃሉን ለመስማትና ለማመስገን መሰብሰባችሁን አታቋርጡ።

ሦስተኛው ምስጢረ ቀንዲል ነው። በያዕቆብ 5፥14-15 እንደተጻፈ፣ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፤ ጸልየው በዘይት ይቅቡት። ብዙዎቻችን ካህኑ ዘይት ይዞ ሲመጣ የሞት ምልክት አድርገን እንፈራዋለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ቁጥር 73 ምስጢሩ በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ አስገንዝቧል። ሕመም ሲጠና ወይም እርጅና ሲጫን ካህኑን በጊዜ ጥሩ።

ነገር ግን መመለስ በመሠዊያው ፊት አያልቅም። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው መጻጉዕ፣ ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ ያመለከተው የእግሩን ድካም አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር (ዮሐንስ 5)። በመካከላችንም ሰው የሌላቸው አሉ። ሸክላ ስለሠሩ፣ ቆዳ ስለፋቁ ብቻ በስድብ ስም ሲጠሩ፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲለዩ የኖሩ ወገኖቻችን አሉ። ድስቱ ከእጃቸው ወጥቶ በየቤታችን ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ እነርሱ ግን በደጃፍ ይቀራሉ። ከአንድ ጽዋ እየተቀበልን በሩቅ የምናቆመው ወንድም ካለ፣ አካሉ የተቆረጠው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሁላችን ነው። ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣትም እንዲሁ «ምን ይዘህ መጣህ?» ሳይባል፣ ራሱ መምጣቱ ደስታ ሆኖ በአባት ወግ ይታቀፍ። ጠፍቶ የተመለሰውን ልጅ አባቱ የተቀበለው በእጁ የያዘውን አይቶ አልነበረምና (ሉቃስ 15)።

6. ለካቴኪስቶች

ይህን ጽሑፍ በጉባኤ ስታነቡ ሉቃስ 17፥11-19ን አስቀድማችሁ በቀስታ አንብቡ። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ምእመናን እንዲወያዩ አድርጉ። ከለመንነው የተቀበልነው ምንድር ነው? ስለ እርሱስ ማንን አመሰገንን? በጸሎት ቤታችን አካባቢ መድኃኒቱን ያቋረጠ ወይም ለመታከም አቅም ያጣ ሕመምተኛ አለን? ልጃቸው በስደት የቀረባቸውን ቤተሰቦች መጨረሻ የጎበኘናቸው መቼ ነው? በማዕዳችን የማይቀመጥ ማን ነው? የምትሰሙትን መልስ በቃል ብቻ አትተዉት፤ ከጉባኤው ሁለት ወይም ሦስት ሰው መርጣችሁ በዚያው ሳምንት ወደ አንድ ቤት ላኩ።

ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ በሩቅ ቆመን ስንጮኽ የሰማኸን አንተ ነህ። በበረሃ የወደቁትን ልጆቻችንን በመንግሥትህ ሰብስብ፤ በመንገድ ያሉትን ጠብቅ፤ ሕሙማንን ፈውስ፤ ሐኪሞችን አበርታ። የተቀበልነውን ይዘን ወደ አንተ እንድንመለስ ልብ ስጠን። ከተማችን በስሟ የምትለምንህን ልመና በሥራህ ፈጽምላት፤ ሆሳዕና። አሜን።